ልጃችሁ «ቀለም አይገባውም» ሲባል ከየት መጀመር አለባችሁ?

መጀመሪያ ያን የስልክ ቴስት ዝጉት። እኔ አዳማ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው የማስጠናው፣ እና አሁን አሁን ወላጆች ከቲክቶክ ወይ ከቴሌግራም ሊንክ ነክተው ልጆቻቸውን አይኪው ያስፈትኑና ስክሪንሾቱን ያሳዩኛል፣ «ቲቸር 87 አመጣ፣ ምን ይሻላል?» እያሉ። ቁጥሩን እርሱት ነው የምላቸው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጁ ሶስተኛ ክፍል ነው፣ መሀል ላይ ኔትወርክ ተቋርጧል፣ ታናሽ እህቱ ስልኩን ልትነጥቀው ስትታገል ነበር፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ሙሉ ውጤት ማየት ከፈለጋችሁ ክፈሉ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ልጅን ደደብ ማለት ነውር ነው።

አይኪው የሚባለው ቁጥር የሚነግረው ልጁ እድሜው ከሚመሳሰሉት ልጆች አንፃር የት ጋ እንደቆመ ነው። አማካዩ 100 እንዲሆን ተደርጎ ይሰራል፣ ከመቶ ሰው 68 ያህሉ በ85 እና በ115 መሀል ይሆናል፣ 95 ያህሉ ደሞ በ70 እና በ130 መሀል። ስለዚህ ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት «ከነማን ጋር ተነፃፅሮ?» ብላችሁ ጠይቁ። የውጭ አገር ልጆች ላይ ተሞክሮ አማካዩ የወጣለትን ፈተና አምጥተን ደንበላ ሰፈር ያለ ልጅ ላይ ብንጭነው የሚወጣው ቁጥር ምን እንደሚለካ ማንም በትክክል ሊነግራችሁ አይችልም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ደሞ ፍርሃቱን ይቀንሳል። ፓሪስ ውስጥ አልፍሬድ ቢኔ የሚባል ሰው ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ በ1905 (እዚህ የምጠቅሳቸው አመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ ናቸው) የመጀመሪያውን ፈተና ሲሰራ ስራው የትኛው ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጨማሪ እርዳታ እንደሚያስፈልገው መለየት ነበር፣ በቃ። ሰውዬው ራሱ የልጅ አእምሮ የተወሰነ መጠን ነው ከዛ አያልፍም የሚሉትን አጥብቆ ይቃወም ነበር፣ ወደኋላ ለቀሩት ልጆች ትኩረትንና ማስታወስን የሚያሰለጥን ልምምድ ሁሉ አዘጋጅቶላቸዋል። በ1911 ሞተ። በአመቱ ዊልያም ስተርን የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ እድሜን (ልጁ የሚሰራው የስንት አመት ልጅ የሚሰራውን ያህል እንደሆነ) ለትክክለኛው እድሜ ማካፈልን አመጣ፣ በ1916 ደሞ አሜሪካ ውስጥ ሉዊስ ተርማን ውጤቱን በመቶ አባዝቶ ፈተናውን አስፋፋው፣ እና ለእርዳታ የተሰራው ነገር መፈረጃ ሆኖ አረፈው።

ብልህነት ምንድን ነው ስለሚሉት ቲዎሪዎች ብዙ አላደክማችሁም ግን ትምህርት ቤት ስትሄዱ እንዳትሸወዱ ሶስቱን እወቁ። አንደኛው የቻርልስ ስፒርማን ነው፣ 1904፣ በአንድ ትምህርት ጥሩ የሆነ ልጅ በሌላውም ጥሩ የመሆን አዝማሚያ አለው፣ ስለዚህ ከሁሉም ስር አንድ የጋራ ችሎታ አለ ይላል። ይሄ አዝማሚያ እስከዛሬ በፈተና ውጤቶች ላይ ደጋግሞ ይታያል፣ ወደድንም ጠላንም አለ። ሁለተኛው ሬይመንድ ካቴል ያመጣው ነው፣ ለወላጅ በጣም የሚጠቅመው ይሄ ይመስለኛል፦ አዲስ ነገር ሲገጥምህ እዛው አስበህ የምትፈታበት ችሎታ አለ፣ በትምህርትና በኑሮ የሚጠራቀም እውቀት ደሞ አለ። የመጀመሪያው በወጣትነት ጫፍ ይደርስና ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ሁለተኛው ግን እስከ ጎልማሳነት መጨመሩን ይቀጥላል። ብዙ ፈተና ሁለተኛውን ለክቶ የመጀመሪያውን የለካ ይመስለዋል። ሶስተኛው የሃዋርድ ጋርድነር ነው፣ 1983፣ መጀመሪያ ሰባት አይነት ብልህነት አለ አለ በኋላ ስምንተኛ ጨመረ። የግል ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ በቀለም ተስሎ የምታዩት እሱ ነው፣ የሙዚቃ፣ የሰውነት፣ የተፈጥሮ ምናምን እያለ። ሀሳቡ ደስ ይላል፣ ማስረጃው ግን ሳሳ ያለ ነው፣ እና «ልጃችሁ በማየት ነው የሚማረው ስለዚህ ንባብ አይመቸውም» የሚል አስተማሪ ከገጠማችሁ ጋርድነር ራሱ እንዲህ አላልኩም ብሎ ደጋግሞ ተናግሯል። ልጆችን በየ«መማሪያ ስታይላቸው» ማስተማር ውጤት ያመጣል የሚለውንም በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ ጥናቶቹን ሰብስበው ፈትሸው በቂ ማስረጃ አላገኙለትም።

በነገራችን ላይ በየጊዜው የሚዞረው «የኢትዮጵያ አማካይ አይኪው 63 ነው» የሚለው ፖስት። ልጆች ያነቡታል፣ አንድ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ «ቲቸር እኛ እኮ በጥናት የተረጋገጥን ነን» ብሎ ሲስቅ ሰምቼ ነው ይሄን የምፅፈው። ቁጥሩን በ2002 ያወጡት ሪቻርድ ሊንና ታቱ ቫንሃነን ናቸው፣ የተመሰረተው ደሞ አገር ውስጥ በተደረገ ጥናት ሳይሆን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ገና በተሻገሩ አስራዎቹ እድሜ ውስጥ ባሉ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ውጤት ላይ ነው። በቃ እነሱ አገሩን ወከሉ! አማካዩ 63 ነው ማለት እኮ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ህዝብ ከ70 በታች ነው ማለት ነው፣ ከ70 በታች ደሞ ሀኪሞች የአእምሮ እድገት ውስንነት አለ ብለው የሚጠረጥሩበት ክልል ነው። ፖስታ ቤት ጋ ቆማችሁ ባጃጅ ተራ አስከባሪው ማን ከማን በፊት እንደመጣ፣ ማን ስንት እንዳለበት በቃሉ ይዞ ሲያሰልፍ እዩና ፍረዱ። ልጃችሁ ይሄን ፖስት ካሳያችሁ ይሄንኑ ንገሩት፣ እዛው እስራኤል ውስጥ ዴቪድ ጹሪኤል የሚባል ተመራማሪ ከኢትዮጵያ ቤተሰብ የመጡ አንደኛ ክፍል ልጆችን ፈትኖ ስለ ፈተናው አሰራር ትንሽ ካስተማራቸው በኋላ መጀመሪያ ከእስራኤል ተወላጅ ልጆች ጋር የነበራቸው ልዩነት በጣም እንደጠበበም ጨምሩበት። ልጆቹ የማያውቁት የፈተናውን ጨዋታ ነበር።

እሺ ወደ ስራው።

ከሁሉ በፊት አይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ይሄን የማልለው ወላጅ የለም። ፍራንኮ አካባቢ የማስጠናው አንድ አራተኛ ክፍል ልጅ ነበር፣ የሂሳብ ደብተሩ በኤክስ የተሞላ፣ እናትየው ተስፋ ቆርጣ «ይሄ ልጅ ቀለም አይገባውም» ትላለች ልጁ እዛው ቁጭ ብሎ። ደብተሩን ይዤ አንድ በአንድ ስሰራው ልጁ የደመረው ልክ ነው፣ የቀነሰው ልክ ነው፣ ጥያቄው ነው የተሳሳተው። ከብላክቦርድ 3ቱን 8 አርጎ ገልብጧል፣ 1ዱን 7 አርጎ ገልብጧል፣ ከዛ ያንን የተሳሳተ ቁጥር በትክክል አስልቶታል። ከኋላ ነበር የሚቀመጠው። መነፅር ተገዛለት፣ ወደፊት ወንበር ተዛወረ፣ አለቀ። እናንተም ቤት ውስጥ ሞክሩት፣ የባንክ ካላንደሩን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ተዉትና ልጁን ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ አቁሙት፣ አንድ አይኑን ሸፍኖ ቁጥሮቹን ያንብብ፣ ከዛ ሌላውን፣ ወንድሙ ወይ እህቱ የሚያነቡትን እሱ ካልቻለ ወይ አይኑን ካጨናበሰ አይን ክሊኒክ ውሰዱት። ለጆሮ ደሞ ቲቪውን አጥፉና ከኋላው ሆናችሁ በሹክሹክታ ጥሩት። ጆሮው ቶሎ ቶሎ የሚመግል ልጅ ግማሹን ትምህርት ሳይሰማው ነው የሚያልፈው፣ አስተማሪው ግን «ሀሳቡ እዚህ አይደለም» ብሎ ነው ካርዱ ላይ የሚፅፍለት።

ቀጥሎ ቋንቋ። አዳማ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ እቤት ኦሮምኛ ጎረቤት አማርኛ ትምህርት ቤት ደሞ እንግሊዝኛ የሆነበት ልጅ ሞልቷል። ይሄ ጭንቅላቱን አይጎዳውም፣ ሶስት ቋንቋ ይዞ ያድጋል እንጂ፣ ግን በአንዱ ብቻ ስትፈትኑት ቃላቱ ከእኩዮቹ ያንሳል፣ ቃል ሲያንሰው ደሞ ያላወቀ ይመስላል። የቃላት ሂሳብ አልገባውም ካሉዋችሁ ያንኑ ጥያቄ እቤት በሚናገርበት ቋንቋ ጠይቁት። እኔ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ስጠይቃቸው የሚሰሩ ልጆች አሉ፣ በኦሮምኛዬ ከሳቁብኝ በኋላ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። ጨው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ አዮዲን ማጣት የልጅን አእምሮ ከሚጎዱና በቀላሉ መከላከል ከሚቻሉ ነገሮች የመጀመሪያው ተርታ ላይ ነው ያለው፣ ጉዳቱ የሚብሰው ደሞ ልጁ ገና ማህፀን እያለ ስለሆነ ነፍሰጡር ያለችበት ቤት በተለይ ይስማ። እንቅርት የሚታየው ምልክት ነው፣ የማይታየው ልጁ ላይ ነው የሚሆነው። እዚህ አገር ጨው አዮዲን እንዲገባበት የሚያስገድድ ደንብ በ2011 እ.ኤ.አ ወጥቷል፣ ግን ገበያ ላይ በጆንያ ተዘርግቶ ፀሀይ ላይ የሚውለው አለ። አዮዲን ፀሀይና እርጥበት ያባርረዋል፣ ስለዚህ የታሸገና አዮዲን ያለው የሚል የተፃፈበት ግዙ፣ ክዳን ባለው እቃ አስቀምጡ፣ ምድጃ ጎን አታስቀምጡ፣ ወጡ ውስጥ ደሞ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ጨው አብዙ አላልኩም፣ የምትጠቀሙትን ቀይሩ ነው ያልኩት።

ደም ማነስ ሁለተኛው ነው። አይረን ያነሰው ልጅ ይፈዛል፣ ይደክመዋል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ከዛ ሰነፍ ይባላል። እኛ ጋ ያለው ችግር ምግቡ ብቻ አይደለም፣ ምሳ በልቶ ሳይጨርስ ሻይ መቅዳታችን ጭምር ነው፣ ሻይ ከምግቡ የሚገኘውን አይረን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰአት አርቁት። ሽሮውም ምስሩም ላይ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ቃሪያ ጣል ካረጋችሁ ይጠቅማል፣ ቫይታሚን ሲ አይረኑን ያስገባዋል። የሆድ ትልና ወባም ደም ያሳንሳሉ፣ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ደሙን አስለኩት፣ የአይረን ሽሮፕ ግን ሳታስመረምሩ ከፋርማሲ አትግዙ፣ ሲበዛ ለልጅ አደገኛ ነው። ትንንሽ ልጅ ካላችሁ ደሞ ከእርግዝና ጀምሮ እስከ ሁለት አመት ያለው ጊዜ ዋናው ነው፣ በ2016 እ.ኤ.አ በተደረገው የስነ ህዝብና ጤና ጥናት አገራችን ውስጥ ከአምስት አመት በታች ካሉ ህፃናት 38 በመቶው ቀንጭረው ነው የተገኙት፣ መቀንጨር ደሞ ቁመት ላይ ብቻ አይቆምም።

ውሃውን ዝም ብዬ ባልፍ የዚህ አካባቢ ሰው አይደለሁም ማለት ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፣ የከርሰ ምድር ውሃችን ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ አካባቢ በጉድጓድ ውሃ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡኒ መሆኑን፣ የአንዳንዱ አሮጌ ሰራተኛ አጥንት ደሞ መድረቁን ሁላችንም እናውቃለን። አለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በ2024 የአሜሪካ ብሄራዊ ቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም ጥናቶቹን ገምግሞ ከ1.5 በላይ ያለው ውሃ ከልጆች ዝቅ ያለ አይኪው ጋር እንደሚያያዝ በመካከለኛ እርግጠኝነት ደምድሟል። ይሄ ማለት ጥርሱ ቡኒ የሆነ ሰው ሁሉ አእምሮው ተጎድቷል ማለት አይደለም፣ ቡኒ ጥርስ ያላቸው ኢንጂነሮችና ዶክተሮች ሞልተውናል፣ ግን ምርጫ ካላችሁ ለህፃን ወተት መበጥበጫና ለልጆች መጠጫ የጉድጓድ ውሃ አትጠቀሙ። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ ይሻላል፣ ዝናብ ውሃም ይሆናል። ማፍላት ፍሎራይድ አያጠፋም፣ እንደውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ ይጠናከራል፣ ይሄን የማያውቅ ሰው በጣም ብዙ ነው። የአጥንት ከሰል ያለው ማጣሪያ ግን ይሰራል፣ ከሰሉ በጊዜው ከተቀየረ።

«ጭንቅላት እኮ በዘር ነው» የሚል ዘመድ ሁሌ አለ፣ አባትየው ራሱ ሊሆን ይችላል። ግማሽ እውነት ነው። የመንትዮች ጥናት ሰዎች በፈተና ውጤት እንዲለያዩ ከሚያደርገው ውስጥ የዘር ድርሻ ትልቅ እንደሆነና ከእድሜ ጋር እንደሚጨምር ያሳያል። ግን ስለ ወንጂ አገዳ አስቡ፣ ካንድ አይነት አገዳ ቆርጣችሁ አንዱን አዋሽ በሚያጠጣው መሬት አንዱን በደረቅ መሬት ብትተክሉት ዘሩ አንድ ነው፣ የሚቆረጠው ግን አይገናኝም። ሰው ላይም ይሄው ታይቷል፣ ጀምስ ፍሊን በ1987 የ14 አገሮችን ውጤት ሲያወዳድር አይኪው ከትውልድ ትውልድ በጣም እየጨመረ አገኘው፣ በብዙ ቦታ በየአስር አመቱ ወደ ሶስት ነጥብ። በአንድ ትውልድ ዘር አይቀየርም፣ የተቀየረው ትምህርቱ፣ ምግቡ፣ ጤናው፣ የቤተሰቡ ብዛት ነው እየተባለ እስካሁን ይከራከራሉ። ከሁሉም የጠራው ማስረጃ የትምህርት ነው፣ በ2018 ከ600,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች ተጠቃለው አንድ ተጨማሪ የትምህርት አመት ከ1 እስከ 5 የአይኪው ነጥብ እንደሚጨምር ታይቷል። ስለዚህ «አልሆነለትም» ብላችሁ ከትምህርት ቤት የምታስወጡት ልጅ ላይ ራሳችሁ ነው የምትቀንሱበት።

አጠናን ላይ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጆች ደብተር እየደጋገሙ ያነባሉ፣ ያሰምሩበታል፣ ከዛ ፈተና ላይ ባዶ ናቸው። በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ይሄን ሞክረውታል፣ ደጋግሞ ያነበበው ቡድን ከአምስት ደቂቃ በኋላ በልጦ ነበር፣ ከሳምንት በኋላ ግን አንብቦ ዘግቶ በቃሉ ለማስታወስ የታገለው ቡድን ነው የበለጠው። ስለዚህ ደብተሩን አስዘጉትና «ምን አነበብክ? ንገረኝ» በሉት፣ ማታ፣ ከዛ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከዛ በሳምንቱ። እናንተ ትምህርቱን ባታውቁትም ችግር የለውም፣ እሱ ያስረዳችሁ እናንተ ዝም ብላችሁ «እንዴት?» በሉት። ወጥ እየሰሩ ይሄን የሚያደርጉ እናቶች አሉ፣ ልጆቻቸውን ሳስጠና ወዲያው ነው የሚያስታውቁኝ።

እንቅልፍ፦ ከ6 እስከ 12 አመት ላለ ልጅ በቀን በጠቅላላው ከ9 እስከ 12 ሰአት መተኛት ያስፈልገዋል፣ ለጎረምሳ ከ8 እስከ 10። በአዳማ ሙቀት ይሄ ከባድ ነው አውቃለሁ፣ መስኮት ክፈቱ፣ አጎበሩ ይዘርጋ፣ ስልኩ ግን ከክፍሉ ይውጣ።

አመሰጋገናችሁንም እዩት። «አንተማ ጭንቅላት ነህ» የተባለ ልጅ ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ስሙን ላለማጣት ይሸሻል። ካሮል ድዌክና ክላውዲያ ሙለር በ1998 አምስተኛ ክፍል ልጆች ላይ ሲሞክሩት በጥረታቸው የተመሰገኑት ከወደቁ በኋላ የተሻለ ሰሩ። ከዚህ ጋር የመጣው «ችሎታ በጥረት ያድጋል» የሚለው ትምህርት በኋላ በጣም ተጋነነ፣ በ2019 በሰፊው ሲሞከር ጥቅሙ ትንሽ ነበር፣ ግን በጥረት ማመስገን ነፃ ስለሆነ አድርጉት። ውጤት ሲመጣም ስንተኛ ወጣህ ከማለታችሁ በፊት የትኛውን ጥያቄ ነው የሳትከው ብላችሁ ጠይቁ።

አትግዙ፦ አእምሮ ይከፍታል የሚባለውን ሽሮፕ፣ ለህፃን የሚከፈተውን የሞዛርት ሙዚቃ (እሱ በ1993 በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ለጥቂት ደቂቃ የታየ ነገር ነው፣ ህፃን አልነበረበትም)፣ ብሬን ጌም የሚባሉትን አፖች። አፑን የሚጫወት ልጅ አፑ ላይ ይጎብዛል፣ ሂሳብ ላይ ግን ያው ነው። ገበጣ ይጫወቱ፣ ቢያንስ ከአያታቸው ጋር እያወሩ ይቆጥራሉ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ልጁ ግን በሁሉም ነገር ከእኩዮቹ በጣም ከቀረ፣ ማለትም ንግግሩም፣ ልብስ መልበሱም፣ ጨዋታውም ከሆነ፣ ወይ ያውቅ የነበረውን እየረሳ ከሆነ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱትና የህፃናት ሀኪም ይየው። በሁሉም ደህና ሆኖ ፊደል መለየት ብቻ ካቃተው ያ ሌላ ነገር ነው፣ ዲስሌክሲያ ሊሆን ይችላል፣ ከብልህነቱ ጋር አይያያዝም፣ ይሄንኑ ለሀኪሙ ንገሩት። ወደ ሳይኮሎጂስት ከተላካችሁና የአይኪው ፈተና ከተባለ ደሞ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ፈተናው ስሙ ማን ነው፣ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚሰጠው፣ ከየት አገር ልጆች ጋር ነው የሚነፃፀረው፣ ውጤቱን በአንድ ቁጥር ብቻ ነው ወይስ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ነው የምትሰጡን፣ ከውጤቱ በኋላስ ልጁን ምን ታደርጉለታላችሁ? ለመጨረሻዋ ጥያቄ መልስ ከሌላቸው ብሩን ለመነፅር አድርጉት።